መርዶው ያልደረሰ መርከበኛ

ኢትዮጵያ የባሕር ኃይል አላት፤ ባሕር ግን የላትም። ይህን እያነሱ መቀለድ ቀላል ነው፤ ሲቀለድበትም ዓመታት አልፈዋል። የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 የባሕር ኃይልን እንደገና የሠራዊቱ አካል አደረገው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን አዲስ አበባ መጥተው ኃይሉን ለማቋቋም የሚያግዝ ስምምነት ተፈረመ። ዋና መምሪያው ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር እንዲሆን ተወሰነ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ደግሞ ነገሩ ከቀልድ አልፎ ቀጠናውን የሚያምስ ጉዳይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወደብ፣ ስለ ቀይ ባሕር፣ ስለ ዓሰብ ያልተናገረ ፖለቲከኛ፣ ያልተከራከረ ቡና ጠጪ የለም።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን አንድ ሰው አልተነሳም። እሱም ሟቹ ነው። የቀድሞው ባሕር ኃይል ቀይ ባሕር ላይ፣ ምፅዋ ላይ፣ ዳህላክ ላይ ያስቀራቸው ልጆች ነበሩት። የእነዚህን ሰዎች ስም፣ ማዕረግና የሞቱበትን ቀን የያዘ፣ መንግሥት ለሕዝብ ያወጣው መዝገብ የለም። ደርግ አላወጣውም። ኢሕአዴግም አላወጣውም። አዲሱን የባሕር ኃይል ያቋቋመው መንግሥትም እስካሁን አላወጣውም። የባሕር ኃይል ዳግም መወለዱ ካልቀረ፣ የመጀመሪያ ሥራው የቀደመውን ኃይል መርዶ መንገር ሊሆን ይገባል። ከመርከቡም፣ ከወደቡም፣ ከሰልፉም በፊት።

ይህን ጉዳይ ከምፅዋ ወይም ከባሕር ዳር ይልቅ ከግሸን ተነስቶ ማየት ይሻላል። ግሸን ደጋ ነው፤ በደቡብ ወሎ አምባሰል ውስጥ በገደል የታጠረ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። ከባሕር የራቀ አገር ይባል ቢባል እንዲህ ያለው ነው። የዚያ አካባቢ ልጅ ሰፊ ውኃ ካየ ያየው የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የከበበውን ሐይቅ ነው። (በግእዝ «ሐይቅ» የባሕር ዳርቻ ማለት መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ቧልት ይመስላል፤ ግን እውነት ነው።) ሆኖም አምባሰል ከቀይ ባሕር ጋር ያለው ዝምድና ካርታ ላይ ከሚታየው ይቀርባል።

አንደኛው ዝምድና ውጫሌ ነች። የዛሬዋ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሟን የያዘላት ናት። ስለ ውሉ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው አንቀጽ 17ን ነው፤ ወደ ዓድዋ የወሰደው እሱ ነውና። አንቀጽ 3 ግን ብዙም አይወራለትም። አራፋሊን፣ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አሥመራን በጣሊያን ወሰን ውስጥ ያስገባው ይህ አንቀጽ ነው። ኢትዮጵያ ከባሕሩ ዳርቻ የራቀችበት የወረቀት ታሪክ አንዱ ገጽ እዚያ አምባሰል ውስጥ ተጻፈ።

ሁለተኛው ዝምድና የሥጋ ነው። እቴጌ መነን አስፋው የአምባሰል ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ይባላሉ፤ ጃንጥራር የአምባሰል ገዢዎች የማዕረግ ስም ነው። የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የገደሏቸው የራስ ደስታ ዳምጠው ባለቤት ነበሩ። ከዚህ ጋብቻ የተወለዱት ልዑል እስክንድር ደስታ በሪር አድሚራል ማዕረግ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል ለረጅም ጊዜ የመሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ የአገሪቱ ዋነኛ መርከበኛ በእናት በኩል የጃንጥራሮች ዘር፣ የደጋ ሰው ነበር ማለት ነው።

የእስክንድር ደስታ ታሪክ መጨረሻው ይታወቃል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች አንዱ ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን አብረዋቸው ተገደሉ። አንድ አድሚራል ሲሞት መርከብ ላይ ባንዲራ ዝቅ ይላል፣ መለከት ይነፋል፣ ጥይት ይተኮሳል፤ ለእስክንድር ግን ከዚህ አንዱም አልተደረገም። በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ግን የሟቾቹ አፅም ተፈልጎ ወጣ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ፣ መታሰቢያም ቆመላቸው። ቤተሰብ አለቀሰ፣ ካህናት ፍትሐት አደረሱ። ዘገየ እንጂ ሆነ።

ይህ ሊሆን የቻለው ለምንድን ነው? ቤተሰቡ ስም ነበረው፤ ገዳዩም ሥልጣን ላይ አልነበረም። መሞታቸውን፣ የሞቱበትን ሌሊት፣ ማን እንደገደላቸውም የማያውቅ አልነበረም። ከአድሚራሉ በኋላ መርከቡ ላይ የቀረው ተራ መርከበኛ ከእነዚህ ነገሮች አንዱም የለውም።

ያ ባሕር ኃይል ተራ ነገር አልነበረም። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምፅዋ ላይ የጦር ሠፈር፣ አሥመራ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተቋቋመ። የኖርዌይ መኮንኖች በማሠልጠኑ ሥራ ተካፈሉ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው ትልቅ መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች፤ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ እሷ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ለባሕር ኃይል በዓል ምፅዋ ሲወርዱ የብዙ አገር የጦር መርከቦች ለሰላምታ ይመጡ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀሩት ነጭ ዩኒፎርም የለበሱ ወጣቶች ፎቶግራፎች ዛሬም በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ከሥር የሚጻፈው አስተያየት ግን ስለ ወደቡ እንጂ ስለ ልጆቹ አይደለም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምፅዋን ለመያዝ ሲያጠቃ የባሕር ኃይሉ ሠፈርና ደሴቶቹ አልወደቁም፤ በጨው ሜዳው ላይ በሁለቱም ወገን የፈሰሰው ደም ግን ብዙ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. የፈንቅል ዘመቻ ተከፈተ። ዋናው ከተማ በሦስት ቀን ውስጥ ተያዘ። ደሴቶቹ ላይ ውጊያው ከዚያም በኋላ ለቀናት ቀጠለ። የእግረኛው ጦር አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን ማጥፋታቸው ይነገራል፤ ስማቸውም ይነሳል። አብረዋቸው የነበሩት እግረኞችና መርከበኞች ስም ግን አይነሳም። የተማረከ አለ፣ የሰጠመ አለ፣ የተቀበረ አለ፣ በጀልባ ወደ ዳህላክ የሸሸ አለ። ማን የቱ እንደሆነ ለቤተሰብ የነገረ የለም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲፈርስ የቀሩት መርከቦች ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ጅቡቲ ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ የመን ገብታ ኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የቀሩት ደግሞ የወደብ ኪራይ ዕዳ ስለተከማቸባቸው ተይዘው በመስከረም 1989 ዓ.ም. በሐራጅ ተሸጡ፤ ከገዢዎቹ መካከል ኤርትራ ነበረች። ልብ በሉ፤ መርከቦቹ አንድ በአንድ ተቆጥረዋል። አበዳሪ ስለነበረባቸው እያንዳንዱ ጀልባ በስምና በቁጥር ተመዝግቦ፣ ዋጋ ወጥቶለት፣ ገዢው ታውቆ ነው የተሰናበተው። ሰዎቹ አበዳሪ አልነበራቸውም። የነበራቸው እናት ነው፤ እናት ደግሞ ሐራጅ አታስወጣም።

ወደ አምባሰል እንመለስ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ እየተመደበ ወጣት ይለቀም ነበር። ወሎ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተመታ፣ በሠፈራ የተበተነ አገር ነበር። ከዚያ አገር በራሱ ፈቃድ ባሕረኛ ልሁን ብሎ የሄደም ይኑር፣ ተለቅሞ ምፅዋ ላይ ምሽግ የቆፈረ፣ ቤቱ የደረሰው ነገር አንድ ነው፤ ደብዳቤው ቆመ። በ1983 ዓ.ም. በእግሩ እየተንከራተተ ከሰሜን የተመለሰው ወታደር በመንደሩ ሲያልፍ ሁሉም እናት «ልጄን አይተሃል?» ትለው ነበር። አንዱ «ምፅዋ ነበር» ይላል። ሌላው «ዳህላክ አይቼዋለሁ» ይላል። ሦስተኛው ዓይኑን ሰብሮ ዝም ይላል። የመንግሥት መርዶ ነጋሪ ሆኖ የቀረው ይህ ነበር፤ በየመንገዱ የሚያልፍ፣ ራሱ የተሸነፈና የተራበ ወታደር።

መርዶ በዚያ አገር ሥርዓት አለው። ሞት በሩቅ ሲሆን ወሬው ከደረሰ በኋላም ወዲያው አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ የቅሬው ዳኛ ይነገረዋል፤ ንስሐ አባት ወይም ሼኹ ይጠራል። (ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ በአንድ ቅሬ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀብራል።) ሳይነጋ፣ ቤተሰቡ ከመኝታው ሳይነሳ ይኬዳል። ለታማሚ አባት አስቀድሞ ምግብ ይሰጠዋል እንጂ በባዶ ሆዱ አይረዳም። ከዚያ በኋላ ድንኳን ይጣላል፣ ሙሾ ይወጣል፣ አገር ይሰበሰባል።

ሬሳ የለም ተብሎም ለቅሶው አይቀርም። አባቶች ለዚህ መላ ነበራቸው። ሩቅ አገር የሞተው ሰው ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ኋላ ኋላ ደግሞ ፎቶግራፉ ለቅሶ ቦታው ላይ ይወጣል። በጥንቱ ጊዜ ከእንጨት ምስል ተሠርቶ የሟቹን ልብስ ይለብስና በዙሪያው ይለቀስ ነበር። ፈረስ የነበረው ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል። ወዳጁ ይፎክራል፣ ጀግንነቱን ይናገራል። ከዘመናዊው የጦር ሠራዊት የቀብር ሥነ ሥርዓት ጋር ቢተያይ ብዙ ልዩነት የለውም። ባንዲራው በጋቢ፣ መለከቱ በሙሾ፣ የጥይት ሰላምታው በቀረርቶ ይተካል። አምባሰል ለመርከበኛው ክብር ለመስጠት ሬሳ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መሞቱን ማወቅና የሞተበትን ቀን ማወቅ ነው።

ይህ ቀን የሚሉት ነገር ለከተማ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ክርስቲያኑ ቤተሰብ ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን የሚቆጥረው ከሞት ቀን ተነስቶ ነው። ተዝካርም ሙት ዓመትም እንዲሁ ነው። ቀኑ ከሌለ መቁጠሪያው የለም። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ከሚወጣው በብዙ መቶ ሺህ ከሚቆጠር ምእመን መካከል የልጁን የክርስትና ስም ለካህን ሰጥቶ «ይታሰብልኝ» የሚል ወላጅ አለ። በሕይወት ላለው ነው ወይስ ለሞተው? ጸሎቱ ይለያያል። ይህን መመለስ ያልቻለ ወላጅ ስም ሰጥቶ ዝም ይላል። ሙስሊሙ ቤትም ችግሩ አይቀልም። በእስልምና ትምህርት በውኃ የሰጠመ ከሸሂዶች ይቆጠራል፤ በሩቅ ለሞተ ሰው ሶላተል ጋኢብ ይሰገዳል የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ግን መሞቱ ላልተረጋገጠ ሰው ማን ሶላተል ጀናዛ ያቆማል? ሰደቃው «ለተሰወረው ልጅ» ተብሎ ይወጣል። የተሰወረ ደግሞ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በሩ ሳይዘጋ ያድራል።

ሕጉም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል ይላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ጋብቻ በሞት ወይም በመጥፋት ውሳኔ እንደሚፈርስ ይደነግጋል። ወረቀቱ ላይ መንገድ አለ። መንገዱን የሚሄድበት ግን ማን ነው? የባሏን ሞት ከአላፊ አግዳሚ የሰማች የገጠር ሴት ከሳሽ ሆና ፍርድ ቤት ቀርባ፣ «ባሌ ጠፍቷል» ብላ እንድታስመሰክር ይጠበቅባታል። ልጁን የወሰደው መንግሥት ነው፤ የጠፋበትን የማስረዳት ሸክም ግን እሷ ላይ ወደቀ። ከዚህ በላይ የተገለበጠ ነገር ማግኘት ይቸግራል።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት አደረገው ቢባል ምሳሌው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ «ኦክላሆማ» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ተገልብጣ 429 ሰዎቿ አለቁ። አብዛኞቹ ማንነታቸው ሳይለይ ሃዋይ ውስጥ «ያልታወቀ» ተብለው ተቀበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አፅማቸው ወጥቶ በዘረ መል ምርመራ ከ350 በላይ የሚሆኑት ተለዩ። ከ70 እና ከ80 ዓመት በኋላ መርከበኛው ወደ ተወለደባት ትንሽ ከተማ በባንዲራ ተሸፍኖ ሲመለስ፣ በሕይወት እያለ ያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ግን ሱቅ ይዘጋል፣ ተማሪው መንገድ ዳር ይቆማል፣ የባሕር ኃይል ሰው የታጠፈውን ባንዲራ ለእህት ልጅ ልጅ ያስረክባል። እንግሊዞች ደግሞ አፅም ላልተገኘላቸው መርከበኞቻቸው በፖርትስመዝ፣ በፕሊመዝና በቻተም ወደቦች ስማቸውን በነሐስ ቀርጸው አቁመዋል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለመውጋት መጥተው የሞቱባቸው ወታደሮች ከረን ላይም አዲስ አበባ ላይም የተጠበቀ መካነ መቃብር አላቸው። ባዕድ አገር የሞተ እንግሊዛዊ ከረን ላይ መቃብሩ ይታወቃል፤ ከረን ላይ የሞተ ወሎዬ አይታወቅም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል መልስ ይመጣል። ግን ለስም ዝርዝር ምን ያህል ገንዘብ ይፈልጋል? ይህችው ድሃ አገር ለኮሪያ ዘማቾቿ አድርጋዋለች። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ ያጣቸው ከ120 በላይ ልጆች በስም ይታወቃሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መታሰቢያ አላቸው። ጎረቤትም ምሳሌ አለች፤ ያውም የምትወደድ ምሳሌ አይደለችም። በ1990ው ጦርነት 19 ሺህ ሰው ሞቶብኛል ያለችው ኤርትራ፣ ነፃ ጋዜጣም ምርጫም የሌላት ኤርትራ፣ በ1995 ዓ.ም. ለየቤተሰቡ መርዶ ነግራለች። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት ያጣቻቸውን ልጆች ስም ዝርዝር ለሕዝብ አላወጣችም። ባድመ ላይ የሞተውም፣ ምፅዋ ላይ የሰጠመውም በዚህ አንድ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስለ ቀይ ባሕር ያደረጉት ረጅም ንግግር በቴሌቪዥን በተላለፈበት በዚያው ወር፣ እንዲያውም በዚያው ሳምንት፣ ትግራይ ውስጥ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ በጦርነቱ የሞቱ ልጆች መርዶ ለየቤተሰቡ ይነገር ነበር። ስለዚያ ጦርነት ማንም የፈለገውን አቋም ይያዝ፤ የመቀሌዋ እናት ልጇ መሞቱን አውቃ ማቅ ለብሳለች። ከእሱ ጋር ተዋግቶ የወደቀው የፌዴራል ወታደር እናት ግን እንዲህ ያለ ይፋ ቀን አልተሰጣትም። አምባሰል ይህን ከሩቅ አልሰማውም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ራሱ ውጫሌና ሐይቅ ድረስ መጥቶ ነበርና።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «የእርስ በርስ ጦርነት ሙት ነው፤ ማንን ነው የምናከብረው?» የሚለው ነው። ኤርትራውያን ምፅዋን ነፃ የወጣችበት ቀን አድርገው ያከብራሉ፤ ለእነሱ እነዚያ መርከቦች ከተማ የሚደበድቡ መርከቦች ነበሩ። ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም መርዶ ሜዳሊያ አይደለም። ጦርነቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር መቶ ዓመት ሊቀጥል ይችላል፤ የ20 ዓመቱ ልጅ መሞቱና ቀኑ ግን ክርክር የለበትም። ሁለተኛው የሠራዊቱን ሞራል ይነካል የሚለው ነው። ይህ ለትናንት ውጊያ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ከ35 ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ግን አይሠራም። እንዲያውም ነገ መርከብ ላይ ለሚወጣው ወጣት ከሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ «ብትሞት ለእናትህ እንነግራታለን» የሚለው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ብዙም አይነሳም፤ ግን ከሁለቱ ይልቅ እውነተኛው እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ውጊያ አለ። ዛሬ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጎሕ ሳይቀድ የገበሬ በር ቢያንኳኳ ቤተሰቡ የሚጠብቀው መርዶ አይደለም። ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣም በሩ አይከፈትለትም። ስለዚህ ነገሩ በካሜራ ታጅቦ፣ ባለሥልጣን ቀድሞ ወንበር ይዞ የሚደረግ ትዕይንት ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ለባሕር በር ፖለቲካ ማድመቂያ እንዲሆን የወጣ የሟቾች ዝርዝር፣ ሟቾቹን ሁለተኛ ጊዜ መልምሎ ማዝመት ነው።

ሊሆን የሚችለው መንገድ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ያለው የባሕር ኃይል ዋና መምሪያ የቀድሞውን ኃይል የሰው ኃይል መዝገብ ይመርምር፤ በሕይወት ያሉትን የቀድሞ ባልደረቦች ቃል ይቀበል። በጅቡቲ፣ በየመንና በሳዑዲ በኩል ወጥተው በየአገሩ የተበተኑ መርከበኞች አሉ፤ ማን ከማን ጋር የት መርከብ ላይ እንደነበረ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው፤ እነሱም እያረጁ ነው። ዝርዝሩ በየወረዳው ይከፈል። ወደ አምባሰል የሚሄደውን ደብዳቤ የሚያደርሰው የቅሬው ዳኛ ይሁን፤ ከእሱ ጋር ቄሱ ወይም ሼኹ ይሂዱ። ቤተሰቡ ባንዲራ ከፈለገ ይሰጠው፤ ጥይት ይተኮስ ካለም ይተኮስ፤ አልፈልግም ካለም መብቱ ነው። የጡረታና የውርስ ጉዳይ የሚያስኬድ የሞት ማስረጃ አብሮ ይምጣ፤ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት መመዝገብ ያለበት ነገር ነውና። ባሕር ኃይሉ ደግሞ የራሱን ክብር ጣና ላይ በአበባ ጉንጉን ይስጥ፤ ቀይ ባሕር እስኪደረስ መጠበቅ አያስፈልግም።

ጊዜው ግን አጭር ነው። በ1982 ዓ.ም. የ20 ዓመት መርከበኛ የነበራት እናት በ18 ዓመቷ ብትወልደው እንኳ ዛሬ ሰባን አልፋለች፤ ብዙዎቹ አልፈዋል። የሚቀሩት እህቶችና ወንድሞች ናቸው፤ እነሱም ካለፉ ግሸን ላይ ያንን የክርስትና ስም ለካህን የሚሰጥ ሰው አይኖርም።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ማዕረግ፣ መርከቡ ወይም ክፍሉ፣ የሞተበት ቦታ፤ ባሕር ላይ ከሆነ ባሕር ላይ ተብሎ ይጻፍ። እና ቀኑ። የካቲት 1 ከሆነ ልደታ፣ የካቲት 3 ከሆነ በአታ፤ ቤተሰቡ ተዝካሩን በዚያ ያውላል።